ምን ረስቶ ነው የተመለሰው?

አራቱም ዛሬም አብረው መጡ። ከአንድ ባጃጅ ወርደው፣ በድንኳኑ አፍ ጎንበስ እያሉ ገቡና መጨረሻው አግዳሚ ላይ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። ታሂር ጫፍ ላይ፣ አላምረውና ፍሬሰላም መሃል፣ ሀስና ከሸራው ጥግ። የሟቹ የእንዳለው የትያትር ጓደኞች ናቸው። ከእሱ ጋር አምስት ነበሩ።

እህቱ ታንጉት ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች በነጠላዋ ሥር አየቻቸው። እንዳለውን የጎሊና ወንዝ ከወሰደው ሦስተኛ ቀኑ፣ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱ ወንዶች እንደ ሰው አልቅሰዋል። ሀስና ግን እስካሁን አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ታንጉት ይህን ልብ ብላለች፤ ሰፈሩም ልብ ብሏል።

አጎቷ ጋሼ ደምሴ ንፍሮ የሚያዞሩትን ሴቶች አሳልፈው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ነገ ሣልስቱ ወጥቶ ሰው ሲበተን ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሄዱ፣ እሷ ጠርጥሬያለሁ ካለቻቸው ሌላ እንደማያስፈልጋቸው በጆሮዋ ነገሯት።

«እስከ ነገ ይታገሡኝ» አለቻቸው።

ሰፈሩማ የሞቱን ምክንያት አግኝቷል። ባለሱቁ ተሾመ፣ ልጆቹ የግሪክ ጣዖት ሲጠሩ የጠሩት መጣባቸው እያለ ከድንኳኑ ውጭ ያወራል። ይህቺን ወሬ ታንጉት አልተቀበለቻትም። ግሪኮቹን በደንብ ታውቃቸዋለች፤ እሷው ቤት ነው የከረሙት። እንዳለው የታሪክ አስተማሪ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሽፋኑ የተገነጠለ የግሪክ አፈ ታሪክ መጽሐፍ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀምጦ ጮክ ብሎ እያነበበ ሥራ አስፈታት። የሙታን አገር አለ፣ ለመግባት ወንዝ ይሻገሩለታል፣ አንዳንዱም ሊመለስ ይሞክራል። ከዚያ አራቱን ሰብስቦ ቡድን አቋቋመና ስሙን በግሪኮቹ የጥበብ አማልክት «ዘጠኙ እህትማማቾች» አለው። ሰዎቹ አምስት ናቸው፤ አራቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ጺማሞች። የቆቦ ከተማ በዚህ ስም ወራት ሙሉ ሳቀች።

አዳራሽ አልነበራቸውም። ጎብዬ ገበያ ላይ፣ ዋጃ መንገድ ዳር፣ ፍየልና በሬ መሃል ነበር የሚጫወቱት። ልብሳቸውን የምትሰፋው ታንጉት ናት፤ ልምምዳቸውንም በጓሮዋ አይታለች። ድርሰት የሚጽፍላቸው ሰው የለም። አንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይወረውራል፣ ሌላው ይቆርጠዋል፣ ሦስተኛው ቃል ይለውጣል፤ የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ያሹታል። ከዚያ አምስቱም እኩል ተንፍሰው እኩል ይሉታል። እንዳለው ከሁሉ በላይ በዚህ ይኮራ ነበር።

ታንጉትንም ያስጠረጠራት ይኸው ነው። የቀብሩ ዕለት ተራ በተራ ሊያጽናኗት መጡ። ታሂር አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ካላት በኋላ፣ «እኛ ቀድመን ወጣን። እሱ ዕቃ ረስቶ ተመለሰ። ውሃው ሳናየው መጣ» አላት። ቀጥሎ አላምረው መጣ። እኛ ቀድመን ወጣን፣ አለና ታሂር ዝም ባለበት ቦታ እሱም ዝም አለ። እሱ ዕቃ ረስቶ ተመለሰ። ፍሬሰላም ሲመጣ ታንጉት የሚቀጥለውን ቃል ከአፉ ቀድማ ታውቀው ነበር። የደነገጠ ሰው ይዘባርቃል፤ እነዚህ ግን ተለማምደው መጥተዋል።

ዛሬ ታሂር ውሃ ሊያመጣ ሲነሳ ተከትላው ወጣችና ምን ረስቶ እንደተመለሰ ጠየቀችው። ከበሮውን አላት። አላምረውን በር ላይ ያዘችው። መጽሐፉን አላት። ፍሬሰላም ወንበር ላምጣ ብሎ አመለጣት። ይቺን አብረው አላሿትም ነበር።

የቀረውን ቀን ከመጣው ሰው ጋር ስታወራ ብትውልም የተባለችውን አልሰማችም። ሀስናና እንዳለው ይዋደዳሉ ይባል ነበር፤ ታሂር ደግሞ የሀስና የአጎት ልጅ ነው። ጠብ ይሆን? ገፍተውት ይሆን? እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ልጅ ነው። እንዴት እንደሞተ ሳታውቅ ድንኳኑ ሊፈርስ ነው። ደግሞ ጠርጥሬያለሁ ብትል፣ ጋሼ ደምሴ ፖሊስ ጋ ብቻ ሄደው የሚመለሱ ሰው አይደሉም።

በሣልስቱ፣ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሲወጡ፣ ሀስናን በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ መጥታ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«ምን ረስቶ ነው የተመለሰው?»

«እኛ ቀድመን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «አልተመለሰም፣ እትዬ ታንጉት። ከኋላዬ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። የሚለማመዱት አዲሱን ትያትር ነበር። ዘፋኟ የሞተ ባሏን ልታመጣ ሙታን አገር ትወርዳለች። ውሰጂው ይሏታል፤ ግን ከዚያ አገር እስክትወጣ ዞራ እንዳታየው። ዘፋኟ ሀስና፣ ሟቹ እንዳለው ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው የጎሊናን ደረቅ አሸዋ ከዳር እስከ ዳር ይሻገራሉ። ታሂር ማዶ ሆኖ ከበሮ ይመታል፤ አላምረውና ፍሬሰላም ግራሩ ሥር ልብስ ይጠብቃሉ። እነሱ ያሉበት ሮቢት ላይ ፀሐይ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው።

ሀስና ሁለት ጊዜ ቀድማ ዞራ እንዳለው ተቆጥቷታል። እንዳትዞር የሚያለማምድበት የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ከኋላዋ ሆኖ እባብ ይላል፣ በሬ መጣብሽ ይላል። ጎብዬ ገበያ ላይ እባብ ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ሲደነብር እሷ ሳትዞር ቀርታ፣ በደስታ ሳምንት ሙሉ ሲያወራው ከርሟል።

«‹ሀስና፣ ውሃ መጣ!› አለኝ» አለች። «ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ሰምቼዋለሁ። ዛሬስ አታታልለኝም ብዬ እየሳቅኩ ነበር የምሄደው። አስር እርምጃ ብመለስ እጁን እይዘው ነበር። ዳር ስወጣ ዞርኩ።»

ታንጉት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«እነሱ ለእኔ ብለው ነው የዋሹት» አለች ሀስና። «ማልቀስ ከጀመርኩ ሁሉንም እንደማወራው ስላወቅኩ ነው ያላለቀስኩት።»

ታንጉት ተናደደች። አንገት ማዞር ምን ያህል ሥራ ነው? ልጅቷን በጥፊ ልታጮላት እጇ ተነስቶ ነበር። ቀጥላ በእንዳለው ተናደደች፣ ሬሳውን አስነስታ ልትቆጣው እስኪያምራት ድረስ። ከልጅነቱ እንዲህ ነው። ከስፌት መኪናው ጀርባ ሆኖ እጄ ተቆረጠ ብሎ ይጮህባት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ መቀሱን ጥላ ትሮጣለች። በኋላ በኋላ ቀና እንኳ ሳትል፣ ተው አንተ ልጅ ብላ ስፌቷን ትቀጥላለች። እሷም ብትሆን አትዞርም ነበር። ወንድሟን የጨረሰችው ሀስና ብትሆን ይቀላት ነበር።

ጋሼ ደምሴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ዓይናቸው ሀስና ላይ ነው።

«እህ፣ ልሂድ?» አሉ።

ሀስና ወደ አግዳሚው ልትመለስ ተነሳች። ታንጉት ክንዷን ያዘቻት። ምንጣፉ ላይ የሚቀመጠው የሟች ሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ጠጋ አለችና ልጅቷን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ይቅር ብላት እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

«የትም አይሂዱ፣ ጋሼ ደምሴ» አለች። «እሷንም እግዜር ያጽናሽ በሏት።»