ጭሱ እንዳይነካ

ሥራዋ ማገናኘት ነበር። በሯ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «የምርምርና የፖሊሲ ትስስር አስተባባሪ» ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን «ደላላዋ» ይላታል። እሷም አትቀየምም። ደላላ እንኳ ቤት ያከራያል፤ እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ማገናኘት አቅቷታል።

አንደኛው ተመራማሪው ነው። ከአውቶቡስ ማደሪያው ጋር አጥር በሚጋራው መዋዕለ ሕፃናት ጣሪያ ላይ የአየር መለኪያ ሰቅሎ ጭሱን ይመዘግባል። ቁጥሩን ስጠኝ ስትለው፣ «መጽሔት ላይ ሳይወጣ? አይሞከርም!» ይላል፣ ወረቀቱን በክንዱ እየሸፈነ። ማን እንደሚሰርቀው እንጃ። ሁለተኛው አውቶቡሶቹን የሚያዘው የመምሪያው ኃላፊ ነው። እሱ ደግሞ ቁጥር ካላየ እስክሪብቶ አያነሳም፤ ቢያይም አያነብም። ስለ ንጹሕ አየር የሚያደርገውን ንግግር የምትጽፍለት እሷ ናት፤ ንግግሩን እስኪጨርስ መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቀዋል።

የምትፈልገው የአንድ መስመር ደብዳቤ ነው፤ አውቶቡሶቹ ጠዋት ጠዋት ሞተር የሚያሞቁት ከልጆቹ አጥር ርቀው፣ በወዲያኛው በር በኩል እንዲሆን። በዚያ በኩል ባዶ ሜዳ ነው፤ ማንም ምንም አያጣም። የታላቅ እህቷ ልጅ እዚያ ትማራለች። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታለች፤ ሰሞኑንም ቤት ነው የምትውለው።

በስንት ልመና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። መጀመሪያ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ተኮራረፉ። ከዚያ ተመራማሪው ኃላፊውን «ዶክተር» ብሎ ጠራው። ኃላፊው ዶክተር አይደለም። አላረመውም ግን፤ ፊቱ በራ።

«እኔም እኮ ምርምር ነፍሴ ነው» አለ። «ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አብረን አንጽፍም? ስምዎን ከስሜ ቀጥሎ አደርገዋለሁ።»

«ቀጥሎ?»

«ከፊትም ይሆናል።»

በቃ፣ ገጠሙ። ያ ሁሉ ኩርፊያ የት እንደገባ! ደላላዋ እፎይ ብላ የአውቶቡሶቹን ነገር ስታነሳ ግን ተመራማሪው ደነገጠ።

«አሁን? ኧረ እንዳትነኩብኝ! ገና አንድ ዓመት ይቀረኛል። ጭሱ ከሄደ ምኑን ልለካ ነው?»

«ልክ ነው፣ ሳይንሱ ይቅደም» አለ ኃላፊው፤ ሳይንስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስል። ጥናቱ እስኪያልቅ ሞተር የሚሞቅበት ቦታ እንዳይቀየር ደብዳቤ አርቅቂ አላት።

«እሺ» አለች። የስንት ዓመት የሥራ ልማድ ከአፏ አፈትልኮ ወጣ። አረቀቀች፤ ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ማኅተሙንም ራሷ አስመታች። ሁለቱ ያኔ ተቃቅፈው ፎቶ እየተነሱ ነበር። ናቀቻቸው፤ ከልቧ ናቀቻቸው። ከሁለቱ አብልጣ የናቀችው ግን ራሷን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እህቷ ደወለች።

«እሺ የኔ እህት፣ ተገናኙልሽ?»

«ተገናኙ።»

«ተመስገን! እንግዲህ ልጄ ሰኞ ትመለሳለቻ?»

«አትመልሻት። ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልግላት፤ እኔም አብሬሽ እዞራለሁ።»

«እንዴ! ደብዳቤ ይወጣል ብለሽኝ አልነበር? ማን ከለከለ?»

የደብዳቤውን ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ወጥቷል» አለቻት። «አውቶቡሶቹ ከቦታቸው አይነሱ የሚል ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»