ሙቀቱ መጀመሪያ የሚገባበት ክፍል

ቤቱን የሚያሞቀው የወጥ ቤቱ ቦይለር እንደ ጣዱት ድስት ሲንተከተክ ቆየና ቧንቧውን በመዶሻ እንደሚመቱት ሁሉ ያንኳኳ ጀመር። ግሌኒስ ሽፋኑን በመዳፏ ነካ አድርጋ ቶሎ እጇን አነሳች፤ ይፋጃል። ቤቱ ግን በረዶ ነው። ልጇ ማይር አራስ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሳሎን ተቀምጣለች፤ የሕፃኑ አፍንጫ ቀልቷል።

«ይፈነዳል» አለች ግሌኒስ። «አውቀዋለሁ፣ እላያችን ላይ ይፈነዳል።»

«እማ፣ አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉውን! አጎቴ ዳይ ይምጣና ይየው።»

ግሌኒስ ክፉ ክፉውን ብትጠብቅ አይፈረድባትም። ባለፈው ሰኔ ወንድ ልጇ ጌቲን በሞተር ብስክሌቱ ወደ ተራራው መንገድ ወጥቶ አልተመለሰም።

ዳይ የሟቹ ባሏ የኤልዊን ወንድም ነው። ጫማውን በር ላይ እያወለቀ «የምን ከበሮ ነው የምትመቱት? ከመንገድ ይሰማል እኮ!» አለ። ቦይለሩን አጥፍቶ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉትን የማሞቂያ ብረቶች እየዞረ ዳሰሰ። ለብ ከማለት አላለፉም።

«ውሃው መሄጃ አጥቶ እዚያው ቦይለሩ ውስጥ እየፈላ ነው። ፎቅ ላይ የነካካ ሰው አለ?»

ግሌኒስ ያወለቀውን ጫማ አንስታ ግድግዳው ሥር አስተካከለች።

«ግሌኒስ፣ አንቺን እኮ ነው።»

«የጌቲንን ክፍል ማሞቂያ ዘግቼዋለሁ» አለች። «ከቀብሩ በኋላ፣ በፒንሳ። እሱን ብቻ ነው።»

ዳይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «መንካት ያልነበረብሽ እሱን ብቻ ነበር። ጌቲን ልጅ ሳለ ደረቱን ሲያፍነው ኤልዊን ያደረገውን ረሳሽው? ቧንቧውን እንዲህ የሚዘረጋ የለም፣ ተው ብለው እምቢ አለኝ። ውሃው መጀመሪያ የጌቲንን ክፍል አሙቆ ነው ወደ እናንተ የሚሄደው።»

«ሌላ መንገድ የለውም?»

«ብርዱ ሲያልፍ እቀይርልሻለሁ። አሁን ልቀይር ብል ግን ወለሉ መነሳት አለበት፤ ይህን አራስ ልጅ የት ልታደርጊው?»

ግሌኒስ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። ክፍሉ ከቀዘቀዘ የጌቲን ጠረን አይጠፋም። የሞተር ዘይቱና ከእሷ ተደብቆ የሚያጨሰው ሲጋራ በትራሱም፣ በመጋረጃውም፣ በምንጣፉም ላይ እንዳለ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጋ ጠረኑን አንዴ ትስብና መልሳ ትዘጋዋለች። ሙቀት ከገባ ግን ያ ሁሉ ይበተናል።

ሕፃኑ አስነጠሰ።

«እኔ ልክፈተው?» አለ ዳይ።

«አንተ አትግባ።» ፒንሳውን ከእጁ ተቀብላ ፎቅ ወጣች።

የማሞቂያው መክፈቻ እምቢ እያለ ዞረላት። ዳይ ከታች ቦይለሩን ሲለኩሰው ውሃው እየተንፎለፎለ ገባ፤ የሚያንኳኳው ድምፅ ግን አልተመለሰም። ብረቱ ሲሞቅ ጠረኑ ከየተኛበት ተነሳ፤ ጌቲን አሁን ከውጭ የገባ ያህል ክፍሉን ሞላው። ግሌኒስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እየሳበች ቆየች። ጠረኑ ቀስ በቀስ ሳሳ። የሞቀ አቧራ ሽታ መጣ።

ማይር ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። «እማ፣ ታች ገና አልሞቀም። እዚህ ላስተኛው?»

«ትንሽ ብቻ ቆዪ።»

ትራሱን አንስታ ፊቷን ቀበረችበት። አገላብጣ በሌላው ጎኑም ሞከረች። ከዚያም ወደ ቦታው መለሰችው።

«ነይ፣ አስገቢው» አለች። «በሩንም ዝጊው፣ ብርድ እንዳይመታው።»

ማይር ልጁን ስታስተኛው ግሌኒስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።