የሳድል ሪጅ ሐሩር

መብራቱ የጠፋው ሼኹ ዱዓቸውን ጨርሰው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ሲያሳልፉ ነው። ገና ከሰዓት በኋላ ስለነበር ሳሎን ከተቀመጡት ብዙዎቹ ልብ አላሉትም። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ብቻ ትልቁ የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያ ዝም ሲልባቸው «ምን ነካው?» ተባባሉ። ሰዒድ ግን ከፍራሹ ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ። የለቀስተኛውን ጉልበት እየተሻገረ፣ ይቅርታ እንኳን ሳይል፣ የቤዝመንቱን ደረጃ በካልሲው ተንደርድሮ ወረደ።

ሚስቱን ዙበይዳን የቀበሯት ትናንት ነው። መሬቱ በብርድ ድንጋይ ሆኖ የመቆፈሪያው ማሽን እንኳን ያቃስት ነበር። ከመቃብር ከተመለሱ ጀምሮ ሰዒድ አንድ ቃል አልወጣውም። ሲያጽናኑት ራሱን ይነቀንቃል፤ ቴምር ሲሰጡት ይዞት ይቀመጣል። አሁን እንዲህ ሲሮጥ ልጁ ነጅላ ደንግጣ ተከተለችው። ከኋላዋ የዙበይዳ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተውፊቅ ወረዱ።

ሰዒድ የመብራት ሳጥኑን ከፍቶ የወደቀውን ብሬከር መለሰ። በኮሪደሩ ጫፍ፣ ፎም ከለበሰው በር ጀርባ፣ ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ቦግ ብላ በራች። ሰዒድ ግንባሩን አስደገፈባት።

«ሙቀቱ ወደ ሠላሳ ሦስት ወርዷል» አለ። ከቀብሩ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። «ሠላሳ ስድስት መሆን አለበት።»

«ይሄ ነገር አሁንም አልጠፋም?» አሉ ጋሼ ተውፊቅ።

«አይጠፋም ጋሼ። ስንዴው አበባውን ጨርሶ ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ ነው። አሁን ሙቀቱ ከተቋረጠ የትኛው እንደቻለ፣ የትኛው እንዳልቻለ አይለይም። የለፋችበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

«የለፋችበት!» አሉ ጋሼ ተውፊቅ። «እህቴ በልብ ሕመም ሞተች። ዶክተሩ ከሙቀት ራቂ ብሏት ነበር። አንተ ግን ቤቷ ውስጥ በረሃ ሠራህላት። አጥፋው! የለቅሶ ቤት ነው ይሄ።»

«አጎቴ ፕሊስ፣ አሁን አይሆንም» አለች ነጅላ ክንዳቸውን ይዛ። ሰዒድ ዞር ብሎ አያቸው። ላይ ሴቶቹ ማፍያውን እንደገና ሲሰኩት መብራቱ ድጋሚ ጠፋ።

*

ሰዒድ ዙበይዳን ያገኛት ወረር ነው፣ አዋሽ ዳር፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ውስጥ። እሱ የመስኖው ፓምፕ መካኒክ ነበር። እሷ ደግሞ ከኮሌጅ በቅርብ የወጣች የስንዴ ተመራማሪ። በዚያ ቆላ እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሸሽ አንዲት ሴት ከእርሻው መሀል ቆማ ያያል። አበደች ብሎ ውሃ ይዞላት ሄደ።

ሌላው ሰው ስንዴውን የሚዘራው ሙቀቱ ሳይመጣ እንዲያፈራ ነው። እሷ ሆን ብላ አዘግይታ ትዘራለች፣ የዓመቱ ክፉ ሙቀት ልክ አበባው ላይ እንዲደርስ።

«ለምን ታቃጥዪዋለሽ?» አላት።

«ማን እንደማይቃጠል ለማወቅ። እጅህን አምጣ።»

የእጁን ጀርባ ይዛ አንድ ቅጠል ላይ አሳረፈችው። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ያተኩሳል። ቀጥላ አጠገቡ ያለው ላይ አሳረፈችው። ሰዒድ እጁን ነጠቀ፤ ደንግጦ ነው። ቅጠሉ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ እሳት መሀል፣ ከአንድ መሬት፣ ከአንድ ውሃ፣ ከአንድ ፀሐይ ሥር፣ ከማሰሮ እንደወጣ ውሃ ቀዝቅዟል።

«ከሥሩ ውሃ እየሳበ ያልበዋል፤ ላቡ ያቀዘቅዘዋል» አለችው። «ስንዴ የደጋ ነው ይሉኛል። ይሁን። ግን ከሺው መሀል ቆላ መኖር የሚችል አንድ ይኖራል። እሱን መፈለግ ነው ሥራዬ።»

ሰዒድ ያን ቀን ፓምፑ ጋ የተመለሰው የራሱን እጅ እያየ ነበር።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጡ በኋላ እሷ አንድ የዘር ኩባንያ ላብራቶሪ ገባች፤ እሱ ኦግደን የሚባል የከተማው ሰፈር በሚገኝ የብየዳ ሾፕ ውስጥ ለነዳጅ ማውጫ የሚሆን ቧንቧ ይበይድ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ሾፑ ተዘጋ፣ ሌይ ኦፍ ተደርጎ ከሥራ ተሰናበተ። ብዙም ሳይቆይ የእሷም ኩባንያ ወጪ መቀነስ ጀመረ። መጀመሪያ የተቆረጠው ለሞቃት አገር የሚሆነው የስንዴ ምርምር ነው፤ እሷም አብራ ተሰናበተች። ወደ መጣያው የሚሄደውን ዘር እንድትወስድ ለመነች፤ አለቃዋ ፈቀደላት። ያን ቀን በምሳ ቦርሳዋ ይዛው መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ሰዒድ፣ ሐሩር ልትሠራልኝ ትችላለህ?» አለችው።

ሳድል ሪጅ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ሠራላት። ግድግዳውን ሙቀት የሚይዝ ፎም አለበሰ፣ መብራት ሰቀለ፣ ማሞቂያና ማራገቢያ ገጠመ። ከውጭ በረዶው መስኮት ድረስ ተከምሮ፣ ሁለት ሥራ ያጡ ሰዎች ምድር ቤት ውስጥ ወረርን ይሠሩ ነበር። እየሳቁ። በሕይወቴ ደስ ያለኝ ዓመት ሥራ ያጣሁበት ዓመት ነው ብሎ ለማን ይናገራል?

*

በማግስቱ ከጎን ቤት ጋሼ ተክለ መጡ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ከሰዒድ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ ሳይቆዩ መብራቱ እንደገና ጠፋ። ሰዒድ ሲነሳ አብረውት ወረዱ፤ መነጽራቸውን አድርገው የብሬከሩን ሳጥን መረመሩ።

«ሰዒድ ወንድሜ፣ ይህ ቤት ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም። ወይ ሻዩ ወይ ይሄ የናንተ ክፍል» አሉ።

«ክፍሉ ይጥፋ» አሉ ጋሼ ተውፊቅ ከደረጃው ላይ።

«ለምን ይጠፋል? ሻዩ እኔ ቤት ይፈላ።»

«ለቅሶ ቤት ሻይ ከጎረቤት ይመጣል?»

«ታዲያ ጎረቤት ለምንድነው?» አሉ ጋሼ ተክለ፤ ክርክሩ በዚያ አበቃ። ሴቶቹ ማፍያዎቹን ተሸክመው፣ በጃኬት ተጀቡነው፣ በበረዶው መሀል ወደ ጎን ቤት ተሻገሩ።

ጋሼ ተክለ አልወጡም። የበሩን መስታወት እያዩ «መግባት ይቻላል?» ብለው ጠየቁ። ሰዒድ ከፈተላቸው።

የወጣው አየር ፊታቸውን መታው። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ገብተው ቆሙ። ስንዴው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በየባልዲው ቆሟል፤ ዛላው ከደረታቸው ይደርሳል፣ በማራገቢያው ነፋስ ይወዛወዛል፣ ይሾካሾካል። የሞቀ አፈርና የሞቀ ሣር ሽታ አለ። በላያቸው ያለው ቤት ጣሪያ በረዶ ተሸክሟል፤ እዚህ የአዋሽ ዳር ቀትር ነው። ጋሼ ተክለ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጋሼ ተውፊቅ በሩ ላይ ቀርተው ነበር። «እዚህ ውስጥ ነበር የምትውለው?» አሉ።

«ከታመመች ወዲህ አንድ ቀን አልገባችም» አለ ሰዒድ። ከበሩ ውጭ፣ መስታወቷ ፊት ያለችውን የፕላስቲክ ወንበር አሳያቸው። «እዚች ትቀመጣለች፤ እኔ እገባለሁ። በጣቷ መስታወቱን እያንኳኳች ግራ፣ ቀኝ፣ እሱን አይደለም፣ ከኋላው ያለውን፣ ትለኛለች። እጇ እኔ ነበርኩ ጋሼ። ዓይኑ ግን የሷ ነው።»

ጋሼ ተውፊቅ የወንበሯን መደገፊያ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሰዒድ እጃቸውን ያዘ፤ ሲይዛቸው አልከለከሉትም። የእጃቸውን ጀርባ አንድ ቅጠል ላይ፣ ቀጥሎም አጠገቡ ባለው ላይ አሳረፈው።

«ሱብሃነላህ» አሉ በሹክሹክታ። እንደገና ነኩት። «ሱብሃነላህ! ይሄ... ይሄ እኮ ቀዝቃዛ ነው።»

«አዎ።»

«እዚህ እሳት ውስጥ?»

«አዎ ጋሼ።»

ጋሼ ተውፊቅ ላብ በግንባራቸው እየወረደ ቆሙ። «አንድ ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «ከቆቦ በታች፣ ያባታችን ማሽላ በሙቀት ነደደ። አባታችን ከማሳው ዳር ተቀምጦ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እሷ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። ‹አባባ፣ ሁሉም ነው የሞተው? አይተኸዋል ሁሉንም?› አለችው። አባባ ተቆጣት። እሷ ግን ገባች። ጠፍታ ጠፍታ፣ ስንፈልጋት ማታ ከማሳው ማዶ ወጣች፤ አንድ አረንጓዴ የማሽላ ራስ በሁለት እጇ ይዛለች። ከሁሉም መሀል አንዱ ነው። እኔ... ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።»

ያን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ወረደ። ሁለት ሁለት እየሆኑ በካልሲ ይገባሉ፤ በሩ ላይ ቆመው ተራ የሚያስገቡት ጋሼ ተውፊቅ ናቸው። «ቶሎ ዝጉት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ» ይላሉ። ሼኹም ገብተው ነክተው ወጡ። ታክሲ የሚነዱ፣ አረጋውያን የሚጦሩ፣ ከሥራ የተሰናበቱ ሰዎች እየገቡ ቅጠል ነኩ። ከጎን ቤት የሚመጣው ማፍያ ክዳኑ በረዶ ለብሶ ይደርሳል፤ ሻዩን ተራቸውን እየጠበቁ ይጠጡታል።

*

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ከወጣ በኋላ፣ ሰዒድ ለነጅላ «የምንነቅልበት ቀን ነው» አላት።

«ቱዴይ? አባዬ፣ ትንሽ ብትቆይስ?»

«እሷ የወሰነችው ነው። ፍሬ ያልያዘው፣ ፍሬ ከያዘው ጋር ውሃና ብርሃን መሻማት የለበትም።»

ነጅላ ትልቅ ከረጢት ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ሰዒድ ገባና ከዳር ጀመረ። ዛላውን በሁለት ጣቱ ይጨብጣል። ባዶ። ቀጣዩ ባዶ። አበባው በሙቀቱ መክኖ፣ ገለባው ብቻ አምሮ የቆመ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ መስታወቷ ዞረ፤ የሚያንኳኳ አልነበረም። ያኔ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱና በእጁ ጀርባ ብቻ መረጠ። ቅጠሉ ቀዝቃዛ የሆነውን፣ ዛላው ውስጥ እንደ ሕፃን ድድ ለስላሳ ሆኖ የሞላ ነገር ያለበትን ይተዋል። የቀረውን ከሥሩ ይነቅላል።

«አባዬ፣ አር ዩ ሹር? ይሄኛው በጣም ያምራል እኮ።»

«ባዶ ነው ልጄ።»

ሲጨርስ ክፍሉ ሰፊ ሆኖ ነበር። እዚህም እዚያም ጥቂት ባልዲዎች ብቻ ቀርተዋል፤ በነጩ ብርሃን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ፣ አረንጓዴ ሆነው፣ ፍሬያቸውን እየሞሉ። ነጅላ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ አየቻቸው።

«እነዚህ ናቸው?» አለች።

«እነዚህ ናቸው። ነገ ወረር እንደውላለን፣ ዘሩን ለጣቢያው እንድንልክ።»

ከረጢቱን አስራ ልታወጣው ስትል ሰዒድ «ቆይ» አላት። የከረጢቱን አፍ ፈታና እጁን ሰደደ። ከሁሉ ረጅሙን፣ ያማረውን፣ ሙቀቱን ያልቻለውን አንዱን መርጦ አወጣ። ወደ ላይ ይዞት ወጣ። በወጥ ቤቱ ቧንቧ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ የሥሩን አፈር ቀስ አድርጎ አጠበለት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ሥሩን ከተተበት። መስኮቱ ጋ ብርዱ እንዳይነካው ትንሽ ወደ ውስጥ ፈቀቅ አድርጎ አስቀመጠውና ቅጠሉን ወደ ብርሃኑ አዞረለት።