ውርጭ የተመረቀ ዕለት

ልጆቼ፣ ያን ዕለት የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን ከጉልበቴ አልወጣም። ደረጃ ስወጣ ትዝ ካለኝ ግድግዳ እይዛለሁ። ሰው ሞቶ አይደለም፤ ቤት ተቃጥሎም አይደለም። አንድ ደግ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ አይቼ ነው።

መጀመሪያ ባርናባስን እወቁልኝ። እዚህ ሱሉልታ፣ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሆሳዕና በኩል የመጣ ልጅ ነው። ተከራይ ይባል እንጂ ልጄ ነው፤ ሲያመኝ ሾርባ የሚያሞቅልኝ እሱ ነው። እሑድ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ቸርች ይሄዳል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ቢራ ይጠምቃል። አዎ፣ ቢራ። ላሊሴ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ የአባቷን የወተት ማከማቻ አዳራሽ ወደ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ለወጠችው። ባርናባስ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሙያውን ለምዶ ስለነበር እሱን ይዛ ጀመረች።

እምነቱ አያስጠጣውም፤ እሱም አይጠጣም። ታዲያ እንዴት ይጠምቃል ትሉኝ ይሆናል። ያሸታል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልላል፣ ይተፋል፣ ከዚያ በውሃ ይጉመጠመጣል። ላሊሴ ትስቅበታለች።

"አንተ፣ የምትተፋው እኮ ለጉሮሮ የተሠራ ነው!"

"ጉሮሮው ያንቺ፣ ምላሱ የእኔ። ተካፍለናል እኮ" ይላታል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ የጠመቅሁ ሴት ነኝና የእነሱን አሠራር ለማየት አንድ ሁለቴ ገብቼ ነበር። ጋናቸው ብረት ነው፣ ፊት ያሳያል። ጌሾአቸው ሆፕ ይባላል፤ ከረጢቱ ሲከፈት የተላጠ ሎሚና የታጨደ ሣር ይሸታል። ለዚህኛው ቢራ ሁለት ጊዜ ጨመሩበት፣ አንዴ ሲፈላ፣ አንዴ ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ። ፒልስነር ነው የሚሉት። ብርድ ውስጥ ብዙ ተኝቶ ነው ጥርት የሚለው፤ ሱሉልታ ደግሞ ብርድ አታጣም። ስሙን "ውርጭ" አሉት። ጠንካራ ነው። ባርናባስ ራሱ "አዴ ድንቅቱ፣ ይሄኛው ቀልድ አያውቅም። እንደ ጠላ የጨለጠው ሰው ወዮለት" ብሎኛል።

የልጁ ጭንቀት አባቱ ነበሩ። አቶ አጵሎስ በአገራቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ደውለው "ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?" ሲሉት "ገብስ ላይ ነኝ አባዬ፣ ጥሩ ነው" ይላቸዋል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ደጃፌ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

"ገብስ መሆኑ እውነት ነው እኮ" አልኩት አንድ ቀን፣ ላጽናናው።

"ግማሽ እውነት ነው አዴ። ታላቅ ወንድሜ ጠጥቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ነው የቀረው፤ ጠዋት አባቴ ናቸው ያገኙት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የመጠጥ ስም አይነሣም። ለመስቀል ስገባ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። ከሌላ ከሰሙት ግን ልጄ ነህ አይሉኝም።"

ይሄን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራው እህቱ ጣቢታ እንኳ "ገብስ" እንደተባለች ነበር የምትኖረው፤ አዲስ ሥራችን ቅዳሜ ይመረቃል ሲላትም ከዚያ አላለፈም።

ውርጭ የሚወጣበት ቅዳሜ ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል። በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይቀመስም፤ ስለዚህ ብርጭቆው ሁሉ በአፉ ተደፍቶ ተደርድሯል፣ አንድ ጠብታ አልተቀዳም። መራቂው ጎረቤቴ ኦቦ ገርባ ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። ባርናባስ ከኋላ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቧንቧ እያስተካከለ ነው።

ይኼኔ በሩ ላይ ፀጉራቸው የነጣ፣ ኮት የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ቆሙ። ብብታቸው ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከኋላቸው ጣቢታ። ባርናባስ ክፍሉ ውስጥ በለጠፈው ፎቶ አውቃቸዋለሁ፤ አባቱ ናቸው።

"እንኳን ደህና መጡ! ቤት እንሂድ፣ ትንሽ ይረፉ" ብዬ ልወስዳቸው ተነሣሁ። ኦቦ ገርባ ቀደሙኝ።

"አካም ጅርቱ አባቴ! ከየት ነው?"

"ከሆሳዕና በኩል ነው። የባርናባስ አባት ነኝ። ጣቢታ፣ አዲስ ሥራው ዛሬ ይመረቃል ስትለኝ፣ ሳልነግረው ላስደስተው ብዬ መጣሁ።"

የኦቦ ገርባ ፊት በራ። "እኔ ለመምረቅ ተነሥቼ ነበር። ግን ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ እኔ አፌን አልከፍትም። ነውር ነው። ኬሱማቱ ሀ ኤቢሱ! እንግዳው ይመርቁ!"

ሰው አጨበጨበ። "ይተዉ ኦቦ ገርባ፣ ሰውየው መንገድ ደክሟቸዋል" አልኩ።

"አንቺ ድንቅቱ ደግሞ! ምርቃት ያደክማል እንዴ?"

ሁሉም ሳቀ። አቶ አጵሎስ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። ግድግዳው ላይ የገብስ ነዶ ተሰቅሏል። ሽታው የገብስ ገንፎ ነው። የሚያብረቀርቁት ጋኖች ወተት ቤት ያለ ዕቃ ይመስላሉ። ፊታቸው በኩራት ተሞላ። ወደ ትልቁ ጋን ቀርበው መዳፋቸውን ጫኑበትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጸሎት ከተጀመረ ማን ያቋርጣል?

"ጌታ ሆይ፣ ገብስን ከምድር የምታበቅል፣ ይህን የልጄን የእጁን ሥራ ባርክ።"

"አሜን!"

"ከዚህ ዕቃ የሚወጣውን የሚቀምስ ሁሉ ልቡ ደስ ይበለው።"

"አሜን!" ወጣቶቹ አሜኑን አጠበቁት። ኢብሳ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር "ጨምሩበት ፋዘር!" አለ።

"የቀመሰ ሁሉ በሰላም ቤቱ ይግባ። አንድም ሰው መንገድ ላይ አይውደቅ።"

"አሜን!"

የቀዝቃዛው ክፍል በር ተከፈተ። ባርናባስ ድምፃቸውን ሰምቶ ወጥቷል። ቧንቧው ከእጁ ተንጠልጥሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኑ እኔን ፈለገ። ምን ላድርገው?

ጸሎቱ አለቀ። ላሊሴ፣ ምኑንም የማታውቀው፣ በደስታ እየበረረች ቧንቧውን ከፈተች። ወርቅ የመሰለ ነገር፣ ከላዩ ወፍራም ነጭ አረፋ። በሁለት እጇ ይዛ ወደ አቶ አጵሎስ ሄደች።

"እንኩ አባቴ፣ የመጀመሪያው የመራቂው ነው።"

እሳቸውም በአክብሮት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ አፋቸው አስጠጉት። ብርጭቆው ከከንፈራቸው ሳይደርስ ቆመ። አሸተቱት። እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ?"

"ውርጭ ነው አባቴ! ቢራችን! አሁን የባረኩት!"

ጣቢታ አፏን በሻርፗ ያዘች። ኦቦ ገርባ ወደኔ ጎንበስ ብለው "ምን ሆኑ?" አሉኝ።

"ጴንጤ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ" አልኳቸው።

ኦቦ ገርባ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "ወይኔ! በገዛ አፋቸው ገደልኳቸው" አሉ።

አቶ አጵሎስ ልጃቸውን አዩት። "አንተ ነህ የሠራኸው?"

"አዎ አባዬ።"

"ትጠጣለህ?"

"ውጬ አላውቅም። ቀምሼ እተፋዋለሁ።"

አንድ ሰው ከኋላ በድንጋጤ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም።

"አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ ኦቦ ገርባ፣ ተነሥተው። "ምርቃቱን ይሰብስቡት። እኔ እንደገና እመርቀዋለሁ፣ እንዳልተባለ ይሁን።"

"ጸሎት እንደ ስጥ ይሰበሰባል እንዴ?" አሏቸው አቶ አጵሎስ። "እኔ ብያለሁ፣ እናንተም አሜን ብላችኋል።" ብርጭቆውን ኦቦ ገርባ እጅ ላይ አስቀመጡ። "እኔ አልጠጣም።"

"አባዬ..." አለ ባርናባስ።

"ሥራህን ጨርስ" አሉትና ወጡ።

ሄዱ ብለን ነበር። አልሄዱም። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃ ወሰድኩላቸው።

"አንቱ ያውቁ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አላቋረጡኝም?"

"ጸሎት እንዴት ይቋረጣል አባቴ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነትዎን ነው" አሉና ውሃውን ጠጡ።

ውስጥ ደግሞ ውርጭ ሥራውን ጀምሯል። ሰዉ የለመደው ጠላ ነው፤ አንስቶ ይጨልጣል። ኦቦ ገርባም ድንጋጤያቸውን ሊያወርዱበት አንዱን በሌላው ላይ ደረቡት። ባርናባስ "ቀስ፣ ቀስ በሉ" እያለ ይዞራል፣ ማን ይስማው። ዓይኑ ከበሩ አልተነሣም፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ኮት እስኪጠፋ እየጠበቀ መሰለኝ።

ፀሐይ ስትገባ መጀመሪያ የወጣው ኢብሳ ነው። ወደ ባጃጁ ሲሄድ መሬቱን እየለካ ነው የሚረግጠው። አቶ አጵሎስ ከድንጋዩ ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ቁልፉን ስጠኝ ልጄ።"

"ፋዘር፣ ደህና ነኝ እኮ! ሙድ ላይ ነኝ ብቻ።"

"በሰላም ቤቱ ይግባ ብያለሁ። አሜን ብለሃል።"

ኢብሳ አያቸው። እኔም አየኋቸው። ልጁ ቁልፉን ሰጣቸው። ልጆቼ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ክው አልኩ። ሰውየው ሊፈርዱ አልነበረም የተቀመጡት፤ የተናገሩትን ሊጠብቁ ነው። የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ፣ ያልጠጣውን ከጠጣው ጋር አጣመሩ፣ ሴቶቹን ከየጎረቤታቸው ጋር ላኩ። ማንም እምቢ አላላቸውም።

መጨረሻ ላይ ኦቦ ገርባ ወጡ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። አቶ አጵሎስ ከአንዱ ክንዳቸው ሥር ገብተው ደገፏቸው።

"ባርናባስ!" ብለው ጠሩ። "በዚያ በኩል ያዝ።"

ልጁ ሽርጡን ሳይፈታ ሮጦ መጣ። ለዓይን ያዝ አድርጓል፤ እኔና ጣቢታ ባትሪ ይዘን ከኋላ ተከተልን። ኦቦ ገርባ በየእርምጃው "ማሩኝ፣ ማሩኝ" ይላሉ።

"ወንድምህን" አሉ አቶ አጵሎስ፣ በሰካራሙ ራስ ላይ ልጃቸውን አሻግረው እያዩ፣ "እንዲህ አድርጎ ቤቱ ያስገባው አልነበረም።"

ባርናባስ ሲያለቅስ ይሰማኛል።

"ለመስቀል ትገባለህ። ጉባኤው ፊት ቆመህ ምን እንደምትሠራ ራስህ ትናገራለህ።"

"እሺ አባዬ። ቢያስወጡኝስ?"

"እኔም አጠገብህ ቆሜ፣ እጄን ጭኜ የባረክሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ካስወጡም ሁለታችንን ነው።"

የባርናባስ እግር ተሳሰረ። ኦቦ ገርባም ወደሱ አዘነበሉ፤ ሦስቱም ሊወድቁ ጥቂት ቀራቸው።

"ቁሙ! ልመርቃችሁ!" አሉ ኦቦ ገርባ። "ዛሬ ሳልመርቅ አልገባም!"

"ቤትዎ ሲገቡ ይመርቁናል" አሏቸው አቶ አጵሎስ፣ ክንዳቸውን እያጠበቁ። "አሁን እግርዎን ያንሡ።"

እኔ "ሁለታችንን ነው" ሲሉ ከሰማሁበት ቦታ አልተንቀሳቀስኩም። ጣቢታ እጄን ይዛ "አዴ፣ ባትሪው፤ መንገዱ እኮ አይታያቸውም" ስትለኝ ነው የነቃሁት።