ለመግደል የማይመች ሰው

ልጅቷ ሥራ ከያዘች ጀምሮ የምትሠራው ድንጋይ ነበር። ድንጋይ፣ ሣር፣ አንዳንዴ ደግሞ የፈረሰ አጥር። ቪዲዮ ጌም በሚሠራበት በዚያ ድርጅት ሰው መሥራት የሚፈቀድለት ድንጋይ ሠርቶ ያሳየ ብቻ ነው። እሷም ድንጋዩን ከልቧ ስለያዘችው ባልደረቦቿ «ድንጋይዋ» ይሏታል፤ ለስድብ ሳይሆን ከሌሎቹ ለመለየት። እንዲህ እያለች ስትኖር አንድ ቀን አለቃዋ መጥቶ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ ከእንግዲህ ሰው ሥሪ አላት።

አለቃውን ሁሉም «ይቻላል» ይሉታል። ምንም ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነው። የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነው።

«ምን ዓይነት ሰው?» አለችው።

«ልብስ ሰፊ። ዕድሜው ገፋ ያለ። ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ተጫዋቹ ይገባል፣ ይገድለዋል፣ ይወጣል።»

«ምን አድርጎት ነው የሚገድለው?»

«ጆሮ ጠቢ ነው። የተጫዋቹን ጓደኞች አስበልቷል። ዋናው ነገር ግን እውነተኛ ሰው እንዲመስል ነው። ተጫዋቹ አሻንጉሊት መግደል ሰልችቶታል።»

ልብስ ሰፊ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። አባቷ ከመሥሪያ ቤቷ ዝቅ ብሎ ባለ መንገድ ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰፍቶ ነው ያሳደጋት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ምሳውን የምታደርስለት እሷ ናት። የዚያን ቀንም ሳህኑን አስቀምጣለት ነገሩን ስታነሳበት መቀሱን ከእጁ አላወረደም።

«እዚያ መጥቼ ምን አደርጋለሁ?»

«ምንም። እዚህ እንደምትሠራው ትሠራለህ፤ እኛ እንቀርጻለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጌሙ ውስጥ ትገባለህ።»

«ገብቼስ?»

ነገሩን ማለሳለሻ ፈልጋ አጣች። «ትሞታለህ» አለችው።

አባቷ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

በቀጠሮው ቀን ጥቁር፣ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ፣ ካሜራ የሚከተላቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች የተዘሩበት ልብስ አለበሱትና በካሜራ በተከበበ ክፍል መሐል አቆሙት። የልብሱን ብብት ገልብጦ አየ።

«ይህንን የሰፋው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«ፋብሪካ ነው፣ አባባ» አሉት።

«ያስታውቃል» አለ።

ከዚያ በኋላ የታዘዘውን አደረገ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ሰፋ፣ ሰው ሲገባ በመነጽሩ አናት ቀና ብሎ አየ። ሲሰፋ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እያለ እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «ከናንተ ጋር አይደለም» አለ። ጸሎቱን እያደረሰ መሆኑ የገባው ለልጅቷ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የድምፅ ተራ ሆነ። ድምፅ የምትቀዳው ሴት ሰው አክባሪ ናት፤ መቅረጫውን ወደ አፉ እያስጠጋች፣ «አባባ፣ አሁን አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ ሱቅዎ ገባ ብለው ያስቡ። ምን ይሉታል?» አለችው።

አሰበ። ብዙ ከማሰቡ የተነሳ ሴትዮዋ መሣሪያው መሥራቱን መለስ ብላ አየች።

«ሰዓቱ ስንት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሰዓቱ እንኳ… እሺ፣ ስድስት ሰዓት ይሁን።»

«ስድስት ሰዓት ከሆነ» አለና፣ ደንበኛ እንደሚያነጋግር ድምፁን ሳይለውጥ ተናገረ፦ «ቶሎ ጨርስ ወንድሜ። ልጄ ምሳ ይዛ መምጫዋ ነው፤ እንዳታይ።»

ሴትዮዋ የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች፤ ይበቃል አለች። ልጅቷ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆማ ትሰማ ነበር። ተወልዳ ይህን ያህል ስትደርስ ከአባቷ አፍ የሰማችው ትልቁ ምስጋና «ደህና ነው» የሚል ነው፤ እሱም ስለ አንድ ቁልፍ አተካከል ነበር። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰችና ሰውየውን መሥራት ጀመረች።

ሠርታ ስትጨርስ ሰውየው፣ ጌሙ ከመሸጡ በፊት ተጫውተው ወደሚሞክሩት ፈታኞች ክፍል ወረደ። ፈታኞቹ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገድሉ ውለው በጊዜ ወደ እናታቸው ቤት የሚገቡ ጨዋ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ሱቁ ገባ፣ ሽጉጡን ደገነ፣ ልብስ ሰፊው የሚለውን አለው። ልጁ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ አለ፤ አልተመለሰም። ሁለተኛዋ በጭካኔዋ የታወቀች፣ «ምሕረት የለሽ» የምትባል ናት። እሷም ደገነች፣ ሰማች፣ ከዚያ ከሱቁ ወጥታ በር ላይ ቆመች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት ይቻላል፣ ከኋላዋ ቆሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ንቅንቅ አልል ስትለው።

«ልጅቷን እየጠበቅኩ ነው።»

«የምን ልጅ? ልጅ የለችም። አልሠራናትም እኮ።»

«ትመጣለች ብሏል» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

ሦስተኛው ብዙ ካመነታ በኋላ የስፌት መኪናውን ተኩሶ ገደለው። ከልብስ ሰፊው ወዲያ ያለውን የጌሙን ክፍል አንድም ሰው ሳያየው ሳምንቱ አለቀ።

ይቻላል ጠራት። እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቀችው በዚህ ነው።

«ሰው እንዲመስል አልኩሽ እንጂ ሰው እንዲሆን አላልኩሽም» አላት።

«ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?»

«ሲገድሉት ሆድ የሚያባባ ከሆነ መስመሩን አልፏል።»

«ሰው ሲሞት ሆድ አያባባም እንዴ?»

«ትንሽ ያባባል፤ ትንሹ ለጨዋታው ጥሩ ነው። ያንቺ ሰውዬ ግን ተጫዋቹን ከጨዋታው አውጥቶ ወደ ኑሮው መለሰው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጌም የሚገዛው ኑሮውን ሊረሳ ነው።» ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ ሳበ። «የምሳዋ ነገር ትውጣ። እንደ ሰው ይለምን፣ ይሙት። ሰኞ ባለቤቶቹ ያዩታል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ደንቡን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። በዚያ ቤት አንድ ገጸ ባሕርይ የሚጸድቀው የሠራው ሰው ራሱ፣ አለቃው ፊት፣ በገዛ እጁ ተጫውቶ ሲያልፈው ነው። ካላለፈው ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ሠሪውም ወደነበረበት ይመለሳል። እሷ የነበረችበት ድንጋይ ነው።

ከሰውየው ላይ መቀነስ ጀመረች። በመነጽሩ አናት የሚያየውን አስቀረች። የከንፈሩን እንቅስቃሴ አጠፋች፤ ይህንን ስታጠፋ በሩን ዘግታ ነበር። የቀረው ድምፁ ስለሆነ አባቷን እንደገና አስጠራችው።

«‹እባክህ አትግደለኝ› ነው የምትለው» አለችው፣ ወረቀቱን እየሰጠችው።

«ማንን?»

«ገዳዩን።»

«እሱን ምን ብዬ ነው የምለምነው? ነፍሴን የሰጠኝ እሱ አይደለ።»

«አባዬ፣ ጽሑፉ ነው እንዲህ የሚለው።»

«የፊተኛው ምን ሆነ?»

«ሰዎች መግደል አቃታቸው።»

«እና ጥፋት ሆነ?»

«ሥራዬ ነው» አለችው፤ ድምፅዋ እሷ ካሰበችው በላይ ቀጠነ።

አባቷ ለአፍታ አያት። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ይዞ፣ የመብራት ሒሳብ እንደሚያነብ አነበበው፦ «እባክህ። አትግደለኝ። ልጆች አሉኝ።»

«ትንሽ ፍርሃት ይጨምሩበት፣ አባባ» አለች ድምፅ ቀጂዋ።

«የቱ ላይ?»

«መሐለኛው ላይ።»

ጨመረበት። የጨመረው ፍርሃት ሳይሆን ጩኸት ሆነና፣ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ መሰለ። ሴትዮዋ በእጇ አፏን ሸፈነች። ልጅቷም ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቀም፤ ደህና ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀና መቀሱን ወደተወበት ሱቁ ተመለሰ።

ፈታኞቹ በዚህኛው ደስ አላቸው። ሽንት ቤት የሄደው ልጅ ተመልሶ መጥቶ ገደለው። ምሕረት የለሽ ገድላው ካለፈች በኋላ ወደኋላ ተመልሳ ደገመችው፤ የሚለምንበት አኳኋን ያስቃል ብላ ለጓደኞቿም አሳየች። ይቻላል ደረጃውን ሲወርድም ሲወጣም ያፏጭ ጀመር።

የማጽደቂያው ዕለት አባትየውም ተጠርቶ መጣ፤ መልኩ የተወሰደበት ሰው የመጨረሻውን አይቶ መስማማት አለበት። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ወንበር ሰጡት፤ ልጁ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠች፣ ይቻላል ከኋላቸው ቆመ።

ልጅቷ ሱቁ ውስጥ ገባች። ግድግዳው ላይ ያዘነበለው መስተዋት፣ ከእግሩ ሥር የተጠራቀመው ቅዳጅ፣ በአንድ በኩል ዝቅ ያለው ትከሻው፣ ሁሉም በቦታው አለ። ሽጉጡን ደገነች። ሰውየው ቀና አለ።

«እባክህ። አትግደለኝ። ልጆች አሉኝ።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ አለ፤ አልተጫነም።

«በቀኝ በኩል ያለው ነው» አላት ይቻላል።

«አውቀዋለሁ።»

ተጫዋቹ ከዘገየ ሰውየው ልመናውን እንዲደግም ያደረገችው እሷ ናት። ደገመ። አሁንም ደገመ። ወረቀት የሚያነብ ድምፅ ነው፤ ሳቅ እንጂ ሐዘን የለበትም፤ ስቃበታለች ራሷ። ግን ያ ሰው ከማንም ለምኖ የማያውቅ መሆኑን ከዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ያውቃሉ፤ ለማን ሲል እንደለመነም እንዲሁ። ደገመ። መዳፏ አላበው።

«ካልሆነ ግድ የለም» አለ ይቻላል፣ ሰዓቱን እያየ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ለሌላ እሰጠዋለሁ። ድንጋይም ሥራ ነው።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ» አለ፣ «ጉሮሮዬ ደርቋል። ውሃ አምጪልኝ።»

«ትንሽ ቆይ፣ አባዬ።»

«አሁን አምጪልኝ። ዕቃውን ለእኔ ስጪኝ፤ እይዝልሻለሁ።»

ጆይስቲኩን ከእጇ ወሰደው። ተነስታ ወጣች። የውሃው ማሽን ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ ውሃውን ሲሰጥ ይንጠባጠባል። ብርጭቆውን ከሥሩ እንደያዘች ተኩስ ሰማች። ከዚያ ሌላ ተኩስ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ በዝምታው መሐል የይቻላል ድምፅ «ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» ሲል ተሰማት። ሦስተኛው ተኩስ ሲሰማ ውሃው ሞልቶ እጇ ላይ ይፈስ ነበር።

ስትመለስ ስክሪኑ ላይ «ተልዕኮው ተጠናቋል» የሚል ተጽፏል። ሰውየው አይታይም። ይቻላል ጠረጴዛው ላይ ያለውን የማጽደቂያ ወረቀት ያያል።

«ደንቡ ግን» አለ ቀስ ብሎ፣ ወደ አባትየው ዞሮ፣ «ሠሪው ራሱ ይለፈው ነው የሚለው።»

«ሠሪዋን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለ አባትየው።

ይቻላል ይህንን አሰበበት። ከዚያ ወረቀቱን ስቦ ከልጅቷ ስም ትይዩ ፈረመና ወጣ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ነው የዘጋው።

አባትየው ብርጭቆውን ተቀበላት።  ግማሹን ጠጣ፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ቀረ።

«ሁለቴ ሳትኩት» አለ። «ዕቃው ያንሸራትታል።»

ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላው አጠገቡ ቆመች።

«አይክፋሽና ያ ሰውዬ» አለ አባቷ፣ ወደ ባዶው ስክሪን በአገጩ እያመለከተ፣ «ጥሩ ሰው አይመስልም። ሲለምን እንኳ ከልቡ አይደለም።»

«አይደለም» አለችው። «ውሃ ልድገምህ?»

«ድገሚኝ» አለ።