አንድ መስመር፣ ሁለት ቤት

መብራቱ ድርግም ሲል ለቀስተኛው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

«ውይ! ካውያ ሰክቼ ነው፣ እማማ! ሳልናገር!» አለች ልብስ ሰፊዋ ተከራይ ከላይ ቤት።

ባሏ የሞተባት ሴትዮ በዳበሳ ተነስታ የሻይ ማፍያውን ነቀለች፤ ብሬከሩንም መለሰችው። ቤቱ ሲበራ የባሏ ታናሽ ወንድም ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ሳልሄድ ለኪራይ ቤቱ የራሱን ቆጣሪ እናስገባለት። አየሽ፣ አንድ መስመር ሁለት ቤት አይችልም።»

ለቀባሪው አረዱት። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፤ እሷም ሽቦ እያቀበለች ነው ያረጀችው። የሰፈሩን ኪራይ ቤት ሁሉ መስመር ሲለይ፣ የራሱን ግን «ነገ» እያለ ዘመን አስቆጠረ። ስለዚህ ከባድ ዕቃ የሚሰካ ሰው መጀመሪያ በደረጃው በኩል ይጣራል። «ምድጃ ልሰካ ነው!» ትላለች እሷ። «ይሰኩ፣ እማማ!» ይመጣል ከላይ። ተረስቶ ብሬከሩ ሲወርድ ደግሞ ባሏ እንግዳ እንደመጣለት ደስ እያለው ተከራይዋን ይጠራት ነበር። «በይ ውረጂ፤ እስኪመለስ እዚሁ ተጫወቺ!»

«በሰው ቤት ጎበዝ፣ በራስህ ቤት ሰነፍ!» ብላ ተቆጥታው ታውቃለች።

«መስመሩን ከለየሁት ማን ይጠራናል?» አላት እየሳቀ። ልጅ አልወለዱም። ያኔ ቀልዱን መስሏት ነበር።

በማግስቱ የሟቹ የሥራ ባልደረባ መጣ። የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ሽቦውን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እትዬ፣ ሽፋኑ ቀልጧል። እንዲህ ትቼው ብሄር ቤቱ ከነሰዉ ይነዳል።»

«እሱን አጣሁ» አለች። «አሁን ደግሞ የላይኛዋን ድምፅ ልጣ?»

ባልደረባው የቀለጠውን ሽፋን በባትሪ አበራላት።

«ለየው» አለች በመጨረሻ። «እሷም የሰው ልጅ ናት፤ እሳት ላይ አላስተኛትም።»

ባልደረባው ዕቃውን አከፋፈለ። ምድጃውና ሻይ ማፍያው ወደ ሴትዮዋ ቆጣሪ፣ ካውያውና የስፌት መኪናው ወደ አዲሱ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው መብራትስ በማን ይሁን?»

«በተከራይዋ ነዋ!» አለ ወንድምየው።

«በኔ» አለች ሴትዮዋ። «ማብሪያውን ግን ከታችም ከላይም አድርግልኝ። እሷ ስታበራ እኔ እንዳውቅ፣ እኔ ሳጠፋ እሷ እንድታውቅ።»

«ይቻላል። የታችኛውን የት ጋ ላድርገው?»

መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። «እዚህ።»

በእርሳሱ ምልክት አድርጎ መሰርሰሪያውን ሊያመጣ ወጣ። ወንድምየው «በቃ፣ እትዬ፣ ምልክቱን አድርጓል» አላት። ሰምታዋለች። እንባዋ እየወረደ፣ መዳፏን ግን ከግድግዳው አላነሳችም።