ክንድ ላይ የማይታይ ግፊት

ንቢት ደረጃ መሃል እየቆመች የጫማዋን ክር ማሰር ካመጣች ሰነባብታለች። እናቷ መጀመሪያ ልብ አላለችም። እናትና ልጅ የሚሠሩት አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ እናት ምድር ቤት ከማሽኖቹ ጋር ስትውል፣ ልጅ የታጠበውን አንሶላ በቅርጫት ተሸክማ ጣሪያ ላይ ወጥታ ታሰጣለች። ያን ሁሉ ደረጃ ለሚወጣ ሰው የጫማ ክር ቢፈታ ምን ይደንቃል?

ዛሬ ጠዋት ግን እናት ባልዲ ይዛ ከኋላዋ ስትወጣ፣ ልጅቷን እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ አየቻት። የተጫማችው ክር የሌለው ነጠላ ጫማ ነበር።

እናት ባልዲውን አስቀመጠች።

"ምኑን ነው የምታስሪው?"

"እ... እግሬን በልቶኝ ነው።" ቀና ስትል ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ንቢት ያለቻት እናቷ ራሷ ናት፤ በልጅነቷ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥም ነበር። አሁን ግን አምስት ደረጃ ወጥታ ትቆማለች። አንዱ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጣት። ሌላው ደም ማነስ ነው አለ። የሰፈሩ ፋርማሲስት ደግሞ ክንዷን ጠቅልሎ ለካና "ግፊቷማ የጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ያንቺ ነው የሚያሰጋው" ብሎ እናትየዋን አሳቃት። ያን ቀን እናት በደስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማታ ግን የልጅቷ ቁርጭምጭሚት አብጦ አየች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልጠጋ አላት። አንድ ነገር ልጇን ከውስጥ እየበላት ነው፤ ምን እንደሆነ የሚነግራት ግን የለም።

ከታች ልብስ ተኳሿ ጮኸች። "ንቢት! ማር እየሠራሽ ነው እንዴ? አንሶላው እጅሽ ላይ ደረቀ እኮ!"

"ተያት" አለች ሌላዋ ሠራተኛ እየሳቀች፤ "አዲስ ሙሽራ አይደለች? ባሏ መኪናውን ይዞ መንገድ በወጣ ቁጥር ጉልበቷን አብሮ ይወስደዋል።"

እናት አልሳቀችም። "ነገ ትልቁ ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"እማዬ ደግሞ! ድካም ነው አልኩሽ እኮ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"እሺ በቃ፣ ይቺን ላድርስና..."

ንቢት ቅርጫቱን አነሣች። ጥቂት ወጣችና እጇ ግድግዳውን ፈለገ፤ አላገኘውም። ቅርጫቱ ተንከባለለ፣ አንሶላው ደረጃውን ተከትሎ እስከ ታች ተዘረጋ። ልጅቷ ነጩ ላይ ወድቃ ራሷን ሳተች። ተኳሿ ካውያዋን እንደ ጋለ ጥላ ሮጠች። ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ፤ ካውያውን የሚያጠፋ ሰው ግን አልነበረም።

ሆስፒታል ሲደርሱ የልብ ሐኪሟ የንቢትን ደረት በማሽን እያየች፣ ስለ ሥራዋ እየጠየቀች ታጫውታት ነበር። መሃል ላይ ጥያቄዋን አቋርጣ ማሽኑን እዚያው አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ አዘዋወረችው።

"ግፊት ነው" አለች ሐኪሟ በመጨረሻ።

"በክንዷ ለክተውላት ደህና ነው ብለው ነበር እኮ!"

"እሱ ሌላ ነው፣ እናቴ። ይሄ ክንድ ላይ አይታይም። ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ሥሮች ጠበዋል። የልቧ ቀኝ ጎን የተዘጋ በር እንደሚገፋ ሰው ሌት ተቀን ይገፋል። እየሰፋ፣ እየደከመ ነው። ብዙ ሰው ላይ የማይገኝ በሽታ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያስበው የለም። ለማረጋገጥ ቀጭን ቱቦ ልቧ ድረስ አስገብተን እንለካዋለን።"

"ይድናል?"

"ሥሮቹን የሚያላሉ መድኃኒቶች አሉ። ከበሽታው ጋር የሚኖሩ አሉ።" ሐኪሟ ወደ ንቢት ዞረች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነፍሰ ጡር ነሽ?"

እናት አይደለችም ልትል አፏን ከፈተች። ንቢት ቀደመቻት።

"ለባሌም ገና አልነገርኩት። ሲመጣ ልነግረው ነበር።"

የልጅ ልጅ! የእናት ልብ ዘለለ። ደስታው ፊቷ ላይ ሳይደርስ ግን የሐኪሟን ፊት አየችና ክው አለች።

"ልብሽ ላንቺ ብቻ እንኳ አቅቶታል" አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። "እርግዝናው ሲገፋ ሸክሙ ይብሳል። በዚህ በሽታ ወልደው ያልተነሡ እናቶች ብዙ ናቸው። ዛሬ አስተኝተንሽ ሌሎች ሐኪሞች ጨምረን እንመክራለን። እርግዝናው ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ የሚለው ውሳኔ ያንቺ ነው፤ ግን ጊዜ አይሰጥም።"

"ሥራ ብተውስ? ደረጃ ባልወጣ፣ እስክወልድ ብተኛስ?"

"ተኝተሽም ልብሽ ደረጃ እየወጣ ነው።"

ሐኪሟ አልጋ ልታስይዝ ወጣች። በሩ ሲዘጋ የንቢት አጭር አጭር ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

"እማዬ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

እናት መልሱን ለማሰብ ጊዜ አላስፈለጋትም፤ ያስፈራትም እሱ ነው። እሷ ብትሆን ትወልደው ነበር። ማንም ምንም ቢላት አትሰማም ነበር። ያንን ቃል በጥርሷ ነክሳ ያዘችው።

"ራሴን አተርፍ ነበር" አለች። "መጀመሪያ ራሴን።"

ንቢት ትክ ብላ አየቻት። ሰማያዊ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ።

"ውሸት አታውቂበትም፣ እማዬ" አለች።